«ደነዘዘሽ? ከበደሽ?» — ከቤይጂንግ የመርፌ ሕክምና ክፍል

በየወሩ ሆዷን ይዛ የምትተኛ ልጅ ያለቻት እናት፣ ወይም በዚያው ሕመም የተነሣ ከአለቃዋ ፈቃድ ለመጠየቅ የምታፍር ሠራተኛ ይህን ጽሑፍ ለእርሷ እንደተጻፈ ብትቆጥረው አልተሳሳተችም። የጸሐፊዋም ቤት ከዚህ ሕመም ነጻ አይደለም።

ቤይጂንግ የደረስኩት በሚያዝያ ነበር። በዚያ ወር ከአኻያ ዛፎች የሚራገፈው ጥጥ መሰል ብናኝ በየመንገዱ ይንሳፈፋል፤ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ሁቶንግ በሚባሉት ጠባብ የድሮ መንደር መንገዶች አሮጊቶች በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አስተርጓሚዬ ደስተኛና ፈጣን ወጣት ነበረች። አንድ ጠዋት ግን ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። «ታላቅ እህቴ፣ ዛሬ ሙዚየሙ ይቅርብን፤ ወሬ ነው» አለችኝ። እኔም ወደ ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ።

ክፍሉ በመጋረጃ የተከፋፈሉ አልጋዎች የተደረደሩበት ነው። ገና ከበሩ የሚቀበለው ሽታ የአገራችንን አሪቲ ያስታውሳል፤ በሽተኞቹን ለማሞቅ የሚያጨሱት ደረቅ ቅጠል በእርግጥም የአሪቲ ዘመድ ነው። ሐኪሟ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ እናት ናቸው። የልጅቱን እግር በአልኮል ጠርገው፣ ከታሸገ ወረቀት አዲስ መርፌ አወጡ። መርፌው ፀጉር ያክላል። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ወደ ላይ ለክተው፣ ከቅልጥሙ አጥንት ኋላ ወጉት። ቦታው ሳንዪንጂያኦ ይባላል፤ የሦስት መስመሮች መገናኛ እንደ ማለት ነው።

ወግተው ግን አልተዉትም። በሁለት ጣት እያሽከረከሩ ይጠይቋታል። «ደነዘዘሽ? ከበደሽ? ተወጠረሽ?» ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ጥቂት ቆይታ «መጣ!» አለች፤ ሐኪሟም እጃቸውን አነሡ።

መጣ የተባለው ነገር በቻይንኛ «ዴ ቺ» ይባላል፤ ቺ የተባለው የሕይወት ኃይል መድረሱ ነው። በጥንታውያን መጻሕፍታቸው ቺ ካልደረሰ ሕክምናው አይሠራም ተብሎ ስለሚታመን፣ ሐኪሞቹ ይህን ስሜት ሳያገኙ መርፌውን አይለቁም። ስሜቶቹ አራት ናቸው፤ መዛል፣ መደንዘዝ፣ መክበድና መወጠር። ለመዛሉ የሚጠሩበት ቃል ለኮምጣጤ ጣዕም የሚሉት ያው ቃል መሆኑን ስሰማ ገረመኝ። እንደ እሾህ የሚዋጋ ስል ሕመም ግን ዴ ቺ አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ሐኪሙ መርፌውን ማስተካከል አለበት።

የዘመኑ ሳይንስስ ምን ይላል? ሌላ በሽታ የሌለበት የወር አበባ ቁርጠት የሚመጣው የማሕፀን ሽፋን ሲረግፍ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በዝተው ማሕፀኑን አጥብቀው ስለሚያኮማትሩት ነው። አይቡፕሮፌን የሚያስታግሰውም እነርሱ እንዳይመረቱ ስለሚከለክል ነው። ስለ መርፌው፣ በአሜሪካ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ መርፌው ሲሽከረከር ሥጋው ይዞ እንደሚያስቀረውና ለመንቀል ተጨማሪ ጉልበት እንደሚጠይቅ ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ከሐኪሟ ጣት ሥር የሆነው ነገር ተረት አይደለም። ነገር ግን መርፌው በሥጋ መያዙ አንድ ነገር፣ ቁርጠቱን ማስታገሱ ሌላ ነገር ነው። ስሜቱ የመጣላቸው ሴቶች የበለጠ እንደቀለላቸው ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት ያላገኙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 42 ጥናቶችን መርምሮ፣ የመርፌ ሕክምና የወር አበባ ሕመምን ያስታግሣል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ችግሩ ግልጽ ነው፤ መርፌ መወጋትዋን የማታውቅ ሴት የለችም፤ «መጣ» ያለች ሴት ደግሞ ሕመሙ እንደሚለቃት ተስፋ ታደርጋለች፤ ተስፋም በራሱ ሕመም ያቀላል።

አስተርጓሚዬ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትነሣ ፊቷ ወዝ አግኝቷል። መርፌው ይሁን፣ እረፍቱ ይሁን፣ የክፍሉ ሙቀት ይሁን አልፈርድም። ወደ ኋላ ስመለስ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን የሐኪሟ ጥያቄ ነው። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስትጠቀለል፣ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ትለምጂዋለሽ» ከማለት በቀር፣ ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የት እንደሚጀምር አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

እንደተመለስኩ ጠየቅኋት። ወገቧን እንደሚከፍላት፣ የወር አበባዋ ካለቀም በኋላ እንደማይተዋት ነገረችኝ። በሙቅ ውኃ የተሞላ ጎማና ክኒን ለተራው ቁርጠት ይረዳሉ፤ እንዲህ ከደሙ ማለቅ በኋላ የሚቆይ፣ ወይም ከወር ወደ ወር የሚብስ ሕመም ግን የማሕፀን ሽፋን ከቦታው ውጭ ማደግን የመሰለ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል፣ መርፌም ክኒንም ከመሞከሩ በፊት በሐኪም መታየት አለበት። ልጄ «ቻይና ያየሽው መርፌ ያማል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይከብዳል አሉ እንጂ አያምም» አልኳት። የማሕፀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል፤ ማክሰኞ ነው፤ እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።