ቀበሮዪቱ እናት

ትንሿ ልጄ ቴሌቪዥኑ ፊት ተጎልታ፣ ጆሮው የውሻ የሆነ ወጣት ጎራዴ ሲመዝ ስትመለከት አየሁና «ደግሞ ይኼ ምን የሚሉት ጋኔን ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «አባቱ የውሻ መንፈስ ነው እንጂ እናቱ እኮ ሰው ናት» አለችኝ። ኢኑያሻ ይባላል፤ ሩሚኮ ታካሃሺ የተባለች ጃፓናዊት ከ1996 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ያወጣችው የሥዕል ታሪክ ኖሯል። «ሰውና መንፈስ እንዴት ይጋባሉ?» ስትለኝ መልስ አጥቼ ከቤተ መጻሕፍት የጃፓን ተረቶች ተዋስኩ። እሷ ሁለት ገጽ አይታ ተወችው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁበት።

በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ፣ የሚኖ አገር ሰው ሚስት ውሻ ሲያባርራት ደንግጣ ቀበሮ ሆና አጥር ላይ ወጣች ይላል። ባልየው ዱላ አላነሣም። ልጅ ወልደናልና እየመጣሽ እደሪ አላት። እኛ አገር ጅብ ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስንት ግፍ እንዳየ እናውቃለን። ጃፓኖችም ቢሆኑ ከተረቱ ውጪ ደጎች አልነበሩም፤ የቀበሮ መንፈስ አለባቸው ከሚባሉ ቤተሰቦች ጋር ጋብቻ ይሸሹ ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝስ የኩዙኖሃ ታሪክ ነው። ያሱና የሚባል ሰው አዳኞች ለጉበቷ የሚያሳድዷትን ነጭ ቀበሮ ያድናል፣ እሱ ግን ይቆስላል። አንዲት ሴት መጥታ ታስታምመዋለች፤ ይጋባሉ፤ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። ኋላ ማንነቷ ሲታወቅባት መሄድ ግድ ሆነባት። ስትሄድ በወረቀት በተሠራው የቤቱ መዝጊያ ላይ፣ ከናፈቃችሁኝ ሺኖዳ ጫካ ፈልጉኝ ብላ ጻፈች። በ1734 እ.ኤ.አ. በአሻንጉሊት ቲያትር የታየው ይህ ታሪክ ዛሬም በካቡኪ መድረክ ይቀርባል፤ ተዋናዩ ልጁን እንዳቀፈ ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ ይጽፋል። ልጁ አቤ ኖ ሴይሜይ ነው ይባላል፤ በ921 ተወልዶ በ1005 የሞተ፣ የቤተ መንግሥት ኮከብ ቆጣሪ የነበረ እውነተኛ ሰው። ሺኖዳም ኦሳካ አውራጃ ውስጥ ያለ ቦታ ነው።

ልጁን እንዳቀፈች ጻፈች የሚለው ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት።

እኔ ታላቁን ልጄን ለእናቴ ትቼ የወጣሁት የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሌሊት፣ እንደ ተኛ ነው። ያለቅሳል ብዬ አልቀሰቀስኩትም። ማንበብ አይችልም ብዬ ደብዳቤም አልተውኩለትም። የኩዙኖሃ ልጅም እኮ ገና ሕፃን ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ መጥቶ ኤርፖርት ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለኝ።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ስለዚያ ሌሊት አንሥተን አናውቅም። መጽሐፉ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው፤ እሱ እሑድ ለምሳ ይመጣል።