«ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም» በአንድ ሠንጠረዥ

የሲ ቋንቋ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያም መፈለጊያም ይሰጣል፤ የሐሽ ሠንጠረዥ ግን የለውም። ስለዚህ ሲን የሚማር ሰው ይዋል ይደር እንጂ የራሱን ይሠራል። ብዙዎቻችን የምንነሣው ከርኒጋንና ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው የመጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም ካቀረቡት ትንሽ ምሳሌ ነው። የቃሉ ባይቶች ተራ በተራ ይወሰዳሉ፤ እስከዚያ የተገኘው ቁጥር በ31 እየተባዛ ይደመርባቸዋል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ለሣጥኖቹ ብዛት ተካፍሎ ቀሪው ቃሉ የሚቀመጥበትን ሣጥን ያመለክታል።

ያ ምሳሌ የሚያገለግለው ቁልፉ ቃል ሲሆን ብቻ ነው። ለማንኛውም ዓይነት ቁልፍ እንዲሆን ከተፈለገ ሠንጠረዡ ቁልፉን ዓይነቱ ባልተገለጸ ፖይንተር ይይዘዋል፤ ምንነቱን ግን አያውቅም። በዚህ ምክንያት ተጠቃሚው ሁለት ፈንክሽኖች ያቀብለዋል፦ አንደኛው ከቁልፉ ቁጥር ያወጣል፤ ሁለተኛው ሁለት ቁልፎች አንድ መሆን አለመሆናቸውን ይፈርዳል። እኔን የያዘኝ የእነዚህ የሁለቱ ስምምነት ነው።

ለሙከራ የመረጥኋቸው ቁልፎች የተወለድሁበት የምዕራብ ጎጃም የቦታ ስሞች ናቸው፦ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ሽንዲ፣ ፈረስ ቤት፣ ግሽ ዓባይ፣ ፍኖተ ሰላም። የመጨረሻዋን አንዳንዱ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፋታል። ለጆሮ አንዲት ከተማ ናት። ባይትን ከባይት ለሚያስተያየው የሲ ፈንክሽን ግን ሁለት ከተሞች ናቸው።

ነገሩ የፊደል ክርክር ብቻ የሚመስለው አይጠፋም። አጎቴ ከቡሬ ገጠር ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው «አባቴ፣ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» ተብለው ተመልሰዋል። የስማቸው መነሻ ፊደል በአንዱ ወረቀት ኃ፣ በሌላው ሀ ነበር። ሰውየው አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ሲያጽፉ የአጨዳ ሳምንት አለፋቸው።

ዩኒኮድ የእኛን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በዋናው የፊደል ገበታ የመጀመሪያው ባይት ምንጊዜም 225 ነው፤ ሁለተኛውም ከ136 እስከ 141 ብቻ ነው። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ሦስተኛው ነው። (በነገራችን ላይ፣ ያንኑ 225 የኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ሲ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 31 አድርጎ ያነበዋል፤ በኤአርኤም ሊኑክስ ላይ ግን 225 ሆኖ ይቀራል። የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ128 በታች ስለሆኑ ይህን ጣጣ አያውቁትም። ባይቱን አሉታዊ የማይሆን ብሎ ማወጅ ይበቃል።)

የሰ ሦስተኛ ባይት 176፣ የሠ ደግሞ 160 ነው፤ ልዩነታቸው 16። አሁን ሞክሼ ፊደላትን የሚያዋህደው ፈራጁ ፈንክሽን ብቻ ነው እንበል። ሠንጠረዡ በ16 ሣጥን ሲጀምር፣ 16 በ31 የቱንም ያህል ጊዜ ቢባዛ ለ16 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ሣጥን ውስጥ ይገናኛሉ። ፈራጁ ያያቸዋል፤ አንድ ናቸው ይላል፤ ሙከራው ያለፈ ይመስላል። የቀበሌ ስሞች ሲታከሉና ሠንጠረዡ ከሦስት አራተኛ በላይ ሲሞላ፣ ማለትም 13ኛው ስም ሲገባ፣ ሣጥኖቹ 32 ይሆናሉ። ያን ጊዜ «ፍኖተ ሠላም» የሚፈለገው ከ«ፍኖተ ሰላም» 16 ሣጥን ርቆ ነው። እዚያ የለም። ፈራጁም የሚፈርድበት ነገር ስላላገኘ አይጠራም። ትናንት የተገኘው መዝገብ ዛሬ ጠፋ፤ ማንም ግን አልነካውም።

ስለዚህ ፈራጁ አንድ ያላቸው ቁልፎች ቁጥራቸውም አንድ መሆን አለበት፤ ውሕደቱ ከሁለቱም ፈንክሽኖች በፊት መከናወን ይኖርበታል። ሥራው ከሚፈራው ይቀላል፤ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል ከነእርባታው ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ ስለተደረደረ በመደመርና በመቀነስ ያልቃል። ከሐ 16፣ ከኀ 128፣ ከዐ 48፣ ከፀ 8 ይቀነሳል፤ በሠ ላይ 16 ይደመራል። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ፤ ያለዚህ «ግሽ ዓባይ» እና «ግሽ አባይ» አይገናኙም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻውን ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል ሳሰላ፣ የአጎቴ ደብዳቤ አላስገረመኝም።

የግእዝ መምህራን ይህን ውሕደት እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ሲሆን ሰአለ ለመነ ነው፤ ለብራና መጻሕፍት መዝገብ የእኔ ፈራጅ አይሆንም። ሠንጠረዡ ግን ያው ይሆናል፤ የሚለወጡት የሚቀበላቸው ሁለቱ ፈንክሽኖች ናቸው። በእኔም ሠንጠረዥ የሚዋሐደው መፈለጊያው ብቻ ነው፤ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ተቀምጦ እንደዚያው ይወጣል። «ደምበጫ»ን እና «ደንበጫ»ን ግን ለይቼ ትቻቸዋለሁ። እነርሱን የሚያቀራርበው ፊደል ሳይሆን ከበ በፊት ነ ወደ መ የሚያዘነብልበት የአነጋገር ልማድ ነውና፣ የፊደል ቁጥር መቀነስ አይደርስበትም።