ተረቱን ልጆቹ ይንገሩት



ባለፈው ክረምት ጥቂት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ ላይ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ሄደን ሒሳብ እናስጠና ነበር። ልጆቹ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርኩ ስንጠይቃቸው ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ከሒሳቡ አንድ ሰዓት ቀንሰን ለተረት ሰጠን።

መሣሪያው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና በዓመቱ የሕንዱ ፕራታም ቡክስ የከፈተው ስቶሪዊቨር አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ባለሥዕል የልጆች መጻሕፍትን በነፃ ያወርዳሉ። መተርጎምም ማሻሻልም ይፈቅዳሉ። ብሪታኒያዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን ዞረው ከነጋሪዎች አፍ የሰበሰቧቸው ተረቶችም ኢንተርኔት ላይ አሉ።

ኢንተርኔት ስንል እንግዲህ፣ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ማንም አይረሳውም። እኛም ከመሄዳችን በፊት በግቢው ዋይፋይ ያወረድነውን በሚሞሪ ካርድ ይዘን፣ እዚያ በዜንደር ተላላክን።

ልጆቹ ሥዕሉን ወደዱት። ስልኩ ሲዘጋ ግን ተረቱም አብሮ ይዘጋል፤ ማንበብ ብቻውን ነጋሪ አያደርግም። የሠራው ሌላው ነገር ነው፤ መጽሐፉን ራሳቸው እንዲያዘጋጁት ማድረግ። ልጁ ከአያቱ ተረት ይዞ ይመጣል፣ በወረቀት ይሥላል፣ ሥዕሉን በስልክ አንስተን አፍሪካን ስቶሪቡክ ሜከር ላይ እናስገባለን። አንድ ገጽ አንድ ሥዕልና ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን መወሰን አለበት።

አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጅብና የአህያ ተረት አምጥታ አህያዋን ሁለተኛው ገጽ ላይ አስበላቻት። «ስምንት ገጽ ቀርቶናል እኮ፣ አሁን ማንን ልንበላ ነው?» አልናት። ሁሉም ሳቁ። ማታ አያቷን ጠይቃ መጣች፤ ለካ አህያዋ ከመበላቷ በፊት ሦስት ጊዜ አታላዋለች።

ይህን እኛ መድረሳ ተምረነዋል። ሱረቱ ዩሱፍ 111 አንቀጽ ነው፤ ሕልሙ 4ኛው አንቀጽ ላይ ይነገራል፣ ፍቺው 100ኛው ላይ ይመጣል። ኡስታዛችን ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ጉድጓድ ውስጥ ትተው «ቀሪው ነገ» ብለው ይሸኙን ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም! ለልጆቹም እንዲሁ ነገርናቸው። በእርግጥ የነቢያትን ታሪክ በቃል ብቻ ነው የነገርነው፤ የነቢያት ሥዕል አይሣልም።

ከድረ ገጾቹ የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከሌላ አገር የተተረጎሙ ናቸው። የአርማጭሆ እናቶች ማታ ቡና ላይ የሚያወሩትን ግን እዚያ ፈልገን አላገኘንም። ልጆቹ ስድስት መጽሐፍ ጨርሰዋል፤ ሰባተኛው አራት ገጽ ላይ ቆሟል። የልጁ አያት በጥቅምት ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ልጁ ግን መተማ ያለች አክስቱ ቀሪውን ሳታውቀው እንደማትቀር ነግሮናል፤ ለዒድ ስትመጣ ሊጠይቃት ነው። አራቱ ገጾች ስልካችን ላይ አሉ።