ሳትወልድ እናት

ኒው ጀርሲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ የቤተ ሙከራ አይጦች እጠብቅ ነበር። ሰጋቱራ እቀይራለሁ፣ ውኃ እሞላለሁ፤ ከዚያ መዝገቤን ይዤ ሳጥኑ ፊት እቀመጣለሁ።

የምንደግመው ተመራማሪው ጄይ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመውን ሙከራ ነበር። አርግዛ የማታውቅ አይጥ ዘንድ፣ ሌላዋ የወለደቻቸው ጨቅላዎች ይገባሉ። ወተት ስለሌላት በየቀኑ እነሱን ለእናታቸው መልሰን የጠገቡ እንተካላታለን። አድካሚው እሱ ነበር።

አንዷን አልረሳትም። ፀጉር ያላበቀሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀያይ ፍጥረቶች ሲገቡባት አንዴ አሽትታ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ጥግ ይዛ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። በማግስቱም እንዲሁ። ቀስ በቀስ ግን መኝታዋ ወደ እነሱ ተጠጋ። ሳምንቱ ሳይሞላ አንዱን በአፏ አንጠልጥላ ጎጆዋ ውስጥ አስገባችው፤ ተመልሳም ሌላውን። ሆዳቸውንና ቂጣቸውን ላሰች፤ ጨቅላ አይጥ ያለዚያ አይሸናም። ከዚያ ጀርባዋን ቆልምማ ልታጠባ ቆመች፣ ጠብታ ወተት ሳይኖራት!

ወላዷ አይጥ ግን ይህ ሁሉ ቀን አያስፈልጋትም። በ22 ቀን እርግዝናዋ መጨረሻ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ ኤስትሮጂንና ፕሮላክቲን ይጨምራሉ፤ ገና ስትወልድ ልጆቿን ትሰበስባለች። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎቹ ተርከልና ሮዘንብላት ገና ከወለደች አይጥ የተወሰደ የደም ፕላዝማ ላልወለደች ሲሰጡ፣ የመላመጃው ጊዜ አጠረ። የኋላ ጥናቶች ደግሞ ማሽተት የተነፈጉት ያልወለዱ አይጦች ጨቅላዎቹን ፈጥነው እንደሚቀበሉ አሳዩ። በእኔ አስተያየት ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ያቺ ጥግ የያዘች አይጥ የጎደላት እናትነት ሳይሆን፣ የያዛት የሽታው ፍርሃት ነበር። የሆርሞኖቹ ለውጥ ይህን ፍርሃት ቶሎ ይሰብራል፤ እሷ በቆይታ ሰበረችው።

ወንዶቹንም ሞከርን። ሮዘንብላት እንደጻፈው፣ ቀናት ካለፉ በኋላ አንዱ ተባዕት ጨቅላዎቹን ሰብስቦ እላያቸው ላይ ተቆልምሞ ቆመ። መዝገቡን ስሞላ «የእናት ባሕርይ» ከሚለው ዓምድ ሌላ የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም፤ እዚያው ጻፍኩለት።