አልጋ ጣለኝ

የክንዴን ፋሻ አይታችሁ በኢንቦክስ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ባጃጅ አልገጨኝም። የወደቅኩት ከአልጋ ነው፤ ማለቴ ከነአልጋው።

ባለቤቴ ስልኳ ላይ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ አልጋ አይታ ወደደችው። እኔም ወደድኩት። ብየዳ ቤት ሄጄ በቱቦላሬ አሠራሁ፤ ከነፍራሹ 75 ኪሎ ገደማ መጣ። አራት ጥርስ ያላቸው መንጠቆዎች ገዝቼ፣ ኮርኒሱን በስቼ ሞራሌው ላይ አጠበቅኳቸውና በሰንሰለት ሰቀልኩት። ፈትኜዋለሁ ደግሞ! ሰንሰለቱን በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ ምንም አላለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጋድሜበት የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ልጄ አልጋው ሥር የገባባትን ኳስ በደረቷ ተስባ አወጣችና ወደ ግቢ ሮጠች። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ገልበጥ ስል አንዱ መንጠቆ ተነቀለ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አልጋው እሷ የተሳበችበት ቦታ ላይ ዘጭ አለ። የክንዴን ነገር ተዉት፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን አናጢ የሆነ ልጅ መጣ። ፊዚክስ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቀይ እስክሪብቶ ጨርሻለሁ። ኮርኒሱን በጣቱ አንኳኳና «ቲቸር፣ ይሄ ሞራሌ እኮ ችፑድ እንዲይዝ ነው የተመታው፤ ሰው አልተባለም» አለኝ።

ያሳፈረኝ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር መሆኑ ነው። ሰው አልጋ ላይ ዘፍ ሲል ለቅጽበት ከክብደቱ እጥፍ በላይ ይጫናል። አራት ሰንሰለት ማለት ደግሞ ሸክሙ ለአራት እኩል ተካፈለ ማለት አይደለም። አንዷ ትንሽ ከረዘመች ሁለቱ ማዶ ለማዶ ያሉት ብቻ ሊሸከሙት ይችላሉ። እኔ የፈተንኩት የራሴን 70 ኪሎ፣ ያውም ዝም ብሎ የተንጠለጠለ።

ልጁ ችፑዱን አንስቶ ሁለት ወፍራም ብረቶች ከግድግዳው ኮንክሪት ቢም እስከ በረንዳው ቢም ድረስ አጋደመ፤ ጫፋቸውንም አሰረ። መንጠቆ የሚባል ነገር ቀረ። ቡሎኑ ብረቱን ከላይ እስከ ታች አልፎ፣ በሰፊ ሮንዴላና በሁለት ዳዶ ተያዘ፤ ሰንሰለቱ የሚገባበት ቀለበትም በብየዳ የተዘጋ ነው። የብረቱን ልክ መሐንዲስ ጠይቆ ነው የመረጠው። የእናንተ በረንዳ ስፋት ሌላ ስለሆነ ከእኔ አትኮርጁ። (ፈተና ላይም እንደዚሁ።)

ከዚያ ጎረቤቴ ለቤት ሥራ ካስቀመጠው ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ ተዋስን፤ 400 ኪሎ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ከነአልጋው 230 ብንሆን ነው። ልጄን በረንዳው ላይ ድርሽ እንዳትል ከልክዬ፣ ሲሚንቶውን አልጋው ላይ አሳደርነው። ጠዋት ላይ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አየናቸው፤ የተንቀሳቀሰ የለም። አሁን ቁመቱንም ዝቅ አድርገነዋል፤ ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ነው።

ለእጁ ዋጋ ልከፍለው ብል እምቢ አለ። «ያኔ ከክፍል ያላስወጡኝ ቀን ይታሰብልኝ» አለ። የትኛው ቀን እንደሆነ አላስታወስኩም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚያው ላይ ነው የምትተኛው። እናቴ ግን እስካሁን አልተቀመጠችበትም። ዱካዋን ትይዝና አጠገቡ ቁጭ ብላ በእግሯ ትወዘውዝላታለች፤ በየመሃሉም ቀና ብላ ቡሎኖቹን ታያለች።