ተነሺ

ሰዋስው ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው አዋጅ ሲያነብም ቃላትን መመርመሩን አይተውም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያቆመኝ «ተነሺ» የሚለው ቃል ነው። መንግሥት ቦታውን ለሌላ ሥራ ሲፈልገው ቤቱን የሚለቅ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ርእስ ላይ ሳይቀር በዚህ ስም ተጠርቷል። ነገር ግን ከመኝታው የሚነሣ፣ ለመንገድም የሚነሣ ሰው በራሱ ፈቃድ ነው የሚነሣው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 የመረጠው «የተፈናቀሉ» የሚለውን ነው፤ ይህም «ፈነቀለ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል። ድንጋይ የሚፈነቀለው ጠልቆ ከተቀመጠበት ነው።

አንቀጹ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት ይሰጣል። «ባለቤቶች» ሳይሆን «ሰዎች» እንደሚል ልብ በሉ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የገንዘብ ካሣ የሚተመነው በላዩ ለተሠራው ቤትና ለተተከለው ተክል ነው፤ ገማቹ ቆርቆሮውን፣ በሩንና መስኮቱን ይቆጥራል። በአዲስ አበባ በፈረሱት አሮጌ ሰፈሮች ግን አያሌ ሰዎች የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ለቀበሌ ተሰጡ፤ ተከራዮቹም ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው ኖሩባቸው። ለእነርሱ የሚቆጠር ግድግዳ የለም። የሚጠብቁት ምትክ ቤት ነው።

አክስቴ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው የካዛንችስ ሰፈር ሲፈርስ፣ ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ገላን ጉራ ተዛወሩ። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ቤት ከአሮጌው ይሻላል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ መደርደር ቀርቷል። ሆኖም አክስቴ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ደንበኞቻቸው የካዛንችስ ትንንሽ ምግብ ቤቶችና በአካባቢው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ወሩ ሲያልቅ የሚከፍሉ፣ ስማቸው በዱቤ ደብተር የሰፈረ። «ቤቱንስ ሰጡኝ፤ እንጀራውን ለማን ልሽጠው?» አሉኝ።

የ2011ዱ አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሣ እንዲከፈል መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የዱቤ ደብተርን የሚገምት ባለሙያ ገና አላየሁም። በእኔ አስተያየት እንደ አክስቴ ላለ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜ ይበልጥበታል፤ ለመልቀቅ የተሰጣቸው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ስድስት ወር ቀደም ብሎ ቢነገራቸው ኖሮ ገላን ጉራ ሄደው ገበያውን ያዩ፣ ምጣዱንም የሚተክሉበትን ያዘጋጁ ነበር።

የዕድራቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አባላቱ ወደተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ድንኳኑ፣ ድስቶቹና አግዳሚ ወንበሮቹ የማን ይሁኑ በሚል ብዙ ክርክር ሆነ። ድንኳኑ ከአብዛኞቹ ጋር ገላን ጉራ ገባ። አግዳሚዎቹ ግን መጫኛ ስላልተገኘላቸው፣ ቤታቸው ሳይፈርስ በቀረ አንድ አባል ግቢ እስካሁን ተደርድረው ይገኛሉ።