ሳነቴን ለመሻገር ስንዘጋጅ



ክረምት ለብዙ ሰው የዕረፍት ወቅት ነው። ለመድረሳ አስተማሪ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትምህርት ቤቶች ሰኔ መጨረሻ ላይ በራቸውን ሲዘጉ የእኛ በር ወለል ብሎ ይከፈታል። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይመጡ የነበሩ ልጆች ሐምሌንና ነሐሴን ከእኛው ጋር ይውላሉ። ስለዚህ ለእኔ ቤት ክረምት የምትባለው ከነሐሴ ማለቂያ እስከ መስከረም መባቻ ያለችው አጭር ጊዜ ናት። ዘንድሮ ይህችን ጊዜ፣ አላህ ካለ፣ መንገድ ላይ ልናሳልፋት አስበናል። ከአዲስ አበባ ተነስተን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በኩል ወደ ባሌ፣ ከዚያም የሳነቴን አምባ ተሻግረን ወደ ሐረና ጫካ እንወርዳለን። እንዴት እንዳቀድነው የምጽፍላችሁ፣ ከእናንተም መካከል ልጆቹንና አረጋዊ ወላጁን ይዞ ለመውጣት የሚያስብ አይጠፋም ብዬ ነው።

ለመሆኑ ጉዞ ስናስብ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ስንት ቦታ እናያለን?» ብለን አይደለምን? አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው የበኩር ልጄም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ካርታ ዘርግቶ፣ ወረቀት አስምሮ፣ በስድስት ቀን ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ ወንዶ ገነትን፣ ዲንሾን፣ ሳነቴን፣ ሶፍ ዑመርን፣ በመጨረሻም ሐረርን ደርድሮ አመጣልኝ። ወረቀቱ በእርግጥ የሚያምር ነበር፤ ነገር ግን የጭነት መኪና ሹፌር እንኳ ይህን ያህል አይነዳም። ባለቤቴ አይታው «እኛ የምንወርደው የት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም።

እኛ የጀመርነው ከሌላ ጥያቄ ነው። ከመካከላችን ደካማው ማን ነው? ስንት ሰዓትስ መቀመጥ ይችላል? የአምስት ዓመቷ ልጄ መኪና ያስመልሳታል። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ የደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ከተቀመጠች በኋላ ቶሎ አይዘረጋም። እንግዲህ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ አንቀመጥም፤ ባረፍንበትም ቢቻል ሁለት ሌሊት እናድራለን ብለን ቆረጥን። ይህ ከተወሰነ በኋላ የልጄ ወረቀት በራሱ ጊዜ አጠረ።

አሁን የጉዞውን ዋና ጉዳይ ልንገራችሁ። እናቴ የተወለደችው ከሳነቴ ማዶ፣ ሪራ በምትባለው መንደር አጠገብ ነው። በልጅነቷ አጎቷ በበቅሎ አፈናጥጦ ተራራውን አሻግሮ ጎባ አደረሳት፤ ከጎባ አዲስ አበባ ገባች፣ አገባች፣ እኛን ወለደች። ተመልሳ አላየችውም። ታናሽ እህቷ እስከ ዛሬ እዚያው አለች። ድምፅ በስልክ ይሰማማሉ፤ መልክ ግን አልተያዩም። ባለፈው ዓመት አክስቴ በስልክ «ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ከመጣሽ አሁን ነይ» አለቻት። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። ዝም ማለቷ ግን ለእኔ ከንግግር በለጠብኝ።

ችግሩ ያለው ተራራው ላይ ነው። ከጎባ ወደ ሪራና ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። አምባው አራት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። መኪና ከሚያልፍባቸው የአፍሪካ መንገዶች ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። በዚያ ከፍታ ላይ አንድ ትንፋሽ የምትይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከምትይዘው ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ስላላት ሳንባችን ከቆላ ሰው ይልቅ ለምዷል፤ ይሁንና የሰባ ዓመት ልብ የወጣት ልብ አይደለም። ስለዚህ ማንም ሳይነግራት እናቴን ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሮ ግፊቷ በመድኃኒቱ የተያዘ መሆኑን ካየ በኋላ መሄድ ትችላለች አለን፤ ግን መድኃኒቷን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ፣ አምባው ላይ በእግሯ ዳገት እንዳትወጣ፣ ለረጅም ጊዜም እዚያ እንዳንቆይ አስጠነቀቀ። ራሷን ብርቱ ሕመም ከያዛት፣ ካቅለሸለሻት ወይም ተቀምጣ እያለች ትንፋሽ ካጠራት ሳንውል ሳናድር ወደ ታች መውረድ ነው መድኃኒቱ። ደግነቱ አምባው በሁለቱም በኩል ቁልቁል ነው። ወደ ጎባም ወደ ሐረናም ቶሎ ይወረዳል።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ መንገዱን በደረጃ ከፈልነው። የመጀመሪያው ቀን ላንጋኖ ድረስ ነው፤ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀለሙ ከአፈር ነው፤ ልጆች ከሚዋኙባቸው የአገራችን ሐይቆች የተመረጠ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት እናድራለን። አጠገቡ ሻላ አለ፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጥልቁ እሱ ነው። በሻላ ጎን ያለውን አቢጃታን ልጆቼ እንዲያዩት የምፈልገው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ውሃው ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ፣ የሚገባለትም ውሃ ከላይ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ድሮ ውሃ የነበረው ቦታ ዛሬ ነጭ ሜዳ ሆኗል። እነዚህ ልጆች በኪታብ «በሕር» እና «ጀበል» የሚሉትን ቃላት በትክክል ያነባሉ፤ ያዩት ተራራ ግን እንጦጦን ብቻ ነው። ሐይቅ ሊጠፋ እንደሚችል ደግሞ ማንም አልነገራቸውም።

ከላንጋኖ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ወደ ዲንሾ እንወጣለን። ይህ የጉዞው ረጅሙ ቀን ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የስንዴና የገብስ ማሳ በዚህ ወቅት ገና አረንጓዴ ነው። የምንቆመው በሶላት ነው። ለመንገደኛ ዙሁርንና ዐስርን ማጣመር ስለተፈቀደለት አንዳንዱ ሰው ይህን ገርነት ሳይቆም ለመብረር ይጠቀምበታል። እኔ ግን ሻሸመኔ ወይም ዶዶላ ላይ ጊዜ ወስዶ መውረድን መርጫለሁ። መስጊዱ ግቢ ውስጥ እናቴ እግሯን ትዘረጋለች፣ ሹፌሩ ዓይኑን ያሳርፋል፣ ትንሿ ልጄም ሆዷ ይረጋጋል። በአርሲና በባሌ ከተሞች የሙስሊም ሥጋ ቤት ስለማይጠፋ የምሳ ጉዳይ አያስጨንቅም።

ዲንሾ ከፍታው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው። የሌሊት ልብስ ሳይሆን ጋቢና የሱፍ ካልሲ ያዙ። ለአባቶች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፦ የቆዳ ኹፍ ያለው ይዞ ይሂድ። መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ማበስ ይችላል። ይህን ሕግ ለልጆች ስንት ዓመት አስተማርኩ! ጥቅሙ የሚገባቸው ግን በዲንሾ የሱብሒ ውሃ ነው ብዬ እጠብቃለሁ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ዲንሾ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግቢው ዙሪያ የደጋ አጋዘን ሰው ሳይፈራ ይግጣል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፣ የሳይንስ ሰዎችም ስም የሰጡት ገና እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ከርከሮና ድኩላም አለ። ይህን ለማየት ተራራ መውጣት አያስፈልግም። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቡናዋን እየጠጣች ልታየው ትችላለች፤ እቅዳችንም ይኸው ነው።

የሶፍ ዑመር ነገር ከልጄ ጋር ለጥቂት ቀን አከራክሮናል። ዋሻው ከሮቤ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የውስጡ መንገድ ርዝመት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፣ በመካከሉም የዌይብ ወንዝ ያልፋል። ዋሻውን ለማየት ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ግድ ነው። በክረምት ዌይብ ይሞላል፤ ሞልቶ ሳለ ልጅ ይዞ መግባት ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም። በበጋ፣ ጥር ላይ እንሄዳለን አልኩት። አኮረፈ። በኋላ ግን ካርታውን አብረን ስናይ ዌይብ የሚመነጨው ከዚሁ ከባሌ ተራራ መሆኑን፣ በዲንሾ አቅራቢያ ገና ትንሽ ሆኖ እንደሚያልፍ አገኘን። ይኸው ውሃ ነው ድንጋዩን ሰርስሮ ዋሻውን የሠራው፤ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይቀላቀልና ጁባ ተብሎ ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። «ዘንድሮ ሕፃኑን ወንዝ እናያለን፣ ጥር ላይ ጎልማሳውን» ብዬው ተስማማን። ሙሉ በሙሉ መታረቁን ግን አላረጋግጥላችሁም።

ከዲንሾ ጎባ ቅርብ ነው። ጎባ ሁለት ሌሊት እናርፋለን። ሁለተኛውን ቀን ምንም አናደርግም፤ እናቴ ትተኛለች፣ እኔ የመንገዱን ሰላምና ጭቃውን ከደሎ መና ከሚመጡ ሹፌሮች እጠይቃለሁ። የአካባቢው ሹፌር «ነገ አትሂዱ» ካለ አንሄድም፤ ለዚህ ተብሎ አንድ ትርፍ ቀን ተይዟል። ከአዲስ አበባ የምንከራየው ሚኒባስ ጎባ ይቆማል፤ ተራራውን የምናቋርጠው እዚያ በምንይዘው ጎማው ከፍ ያለ መኪና ነው። ወጪው ከብዷል፣ አልዋሻችሁም። የባለቤቴ ዕቁብ ባይደርሳት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

የምንነሳው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ ጉምና ዝናብ ይበዛልና። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ አንወጣም። አምባው ላይ ከአንድ ሰዓት አንበልጥም፤ ልጆቹ ጅብራውን፣ ኩሬዎቹን፣ ከጉድጓዱ ብቅ የሚለውን ትልቁን ፍልፈል ያያሉ። ፍልፈሉ ካለ ቀይ ቀበሮ አይርቅም። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። የሚጨርሳቸው አዳኝ አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እናቴ ይህን ቀበሮ የምትጠራው በኦሮምኛ «ጀዴላ ፈርዳ» ብላ ነው፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፤ ልትወልድ የደረሰችን ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው አለችን። ይህን ታሪክ ስትነግረን ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። አያታቸው ስለ ተራራው ይህን ያህል ማወቋን አያውቁም ነበር። እኔም ብዙውን ያን ምሽት ሰማሁት።

ከአምባው ማዶ መሬቱ ድንገት ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ሽበት ያንጠለጠለ የኮሶ ዛፍ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ዝቅ ሲል የዱር ቡና። ሐረና ይህ ነው። በግማሽ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ቡና ጥላ የሚወረድበት ስፍራ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ማሩም የታወቀ ነው። አክስቴ ዘንድ ሁለት ሌሊት ብለን ጽፈናል።

ልጆቼ ኦሮምኛ አይችሉም። ይህ እኔን ያሳስበኛል፤ አክስቴ አማርኛ ብዙም አትችልምና። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ እናቴ ትንሽ ትንሽ ታስተምራቸው ጀምራለች። «አከም ጂርቱ» ማለቱ ተለምዷል፤ ትንሿ ልጄ ጎረቤቱን ሁሉ በዚሁ ሰላም እያለች ነው። የበኩሩ ደግሞ «ዓይንሽ እንዴት ነው?» የሚለውን በኦሮምኛ ጻፊልኝ አላት። እናቴ መጻፍ አትችልም፤ እሷ እየተናገረች እሱ ራሱ ጻፈው።

ስንመለስ በአሰላ በኩል ነው፤ አንድ ሌሊት አሰላ እናድራለን። በቆጂን ስናልፍ ልጆቹ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሮጡበትን ዳገት ለማየት እንዲወርዱ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ከዚያ በአዳማ አድርገን ቤታችን እንገባለን። በጠቅላላው አሥር ቀን ነው፤ ትርፏን ቀን ጨምሮ።

እናቴ ሻንጣዋን ከወዲሁ ጀምራለች። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሻሾች ገዝታለች፣ አንዱ የእህቷ ነው። ትናንት ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ ገብስ ስትቆላ አገኘኋት። ለመንገድ ጭኮ ልትሠራ ነው። ጭኮ የባሌ ሰው ስንቅ ነው፤ ወደ ባሌ ጭኮ ይዞ መሄድ ምን ይሉታል ብዬ ሳቅሁባት። «ቅቤው እዚያ ይሻላል፤ ግን የኔን እጅ ቀምሳ አታውቅም» አለችኝና ገብሱን ማማሰሏን ቀጠለች።